ጂም ልትጀምሩ ለምታስቡ ልጆች፣ ከአንድ የድሮ ኮች

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዘንድሮ ባንክ የተቀጠረችው፣ ቡና ላይ ቁጭ ብለን "ጋሼ፣ ሰኞ ጂም ልጀምር ነው፣ መጀመሪያ ቀን ምን ያደርጉኛል?" አለችኝ። ምን ያደርጉኛል ነው ያለችው፣ ምን አደርጋለሁ አይደለም። ቤቱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን ልመልስላት ስል አፌ ተያዘ። 30 ዓመት ሙሉ ሰው ሳሰለጥን ኖሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። "አይዞሽ፣ ምንም አያደርጉሽም" ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ አንድ ልጅ ላይ ያደረግኩትን አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም ሁዳዴ ላይ ነው። ያኔ ጂም ማለት አሁን እንደምታዩት መስታወትና ኤሲ ምናምን አይደለም፣ እኔ የምሠራበት ቤት ከአንድ መጋዘን በላይ ያለ አዳራሽ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግማሹን ክብደት ራሳችን ነን የሠራነው፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን በውሃ ቧንቧ እያያያዝን፣ አንዱ ጎን ሁሌ ይከብዳል፣ የለመደ ሰው ከባዱን ጎን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ያውቃል። የመኪና ቸርኬም ነበረን። እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ ደረቴ ከኔ ቀድሞ በር ይገባል፣ በሰፈር ስሄድ ሰው መንገድ ይለቅልኛል፣ ቢያንስ እኔ እንደዛ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ ቱታ በፌስታል ይዞ። ሰማያዊ ቱታ፣ ክንዱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያለው፣ አዲስ ከመሆኑ የተነሳ የሱቅ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም፣ ጉልበቱ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ስፖርት ጫማ ስለሌለው በካልሲ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው እያፈረ ነገረኝ፤ ጓደኛው ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው፣ እሱ ሚዜ ነው፣ ሱፍ ሲለካ ልብስ ሰፊው "ትከሻህ አልሞላም፣ ስፖንጅ ላድርግበት" ብሎት ሌሎቹ ሚዜዎች ሲስቁበት ዋሉ። "ትንሽ ትከሻዬ ቢሞላ" አለኝ። ትከሻ ነው የጠየቀው።

እኔ እግር አሠራሁት።

ያኔ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቀን "መስበር" የሚባል ነገር ነበር። ተሰብሮ ከተመለሰ የኛ ሰው ነው፣ ካልተመለሰ ድሮም አይሆንም ይባላል፣ እኔንም እንደዛ ነው የተቀበሉኝ። ምክንያቴ ግን እሱ ብቻ አልነበረም፣ አምስት ስድስት የቆዩ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ፣ ለነሱ ትንሽ ትርኢት ማሳየት አማረኝ። ቁጭ ብድግ፣ 10 ዙር፣ ዙሩ 30። ብረት የለው፣ ጣሳ የለው፣ የራሱን ሰውነት ነው የሚያነሳው፣ ምን ይሆናል ብዬ።

"ያልወረደ አይቆጠርም" የሚል ሕግ ነበረኝ። በደንብ ካልወረደ ቁጥሩን እደግመዋለሁ። አንዱ ዙር ላይ አሥራ ስምንትን አራት ጊዜ ቆጠርኩበት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት፣ እንደገና አሥራ ስምንት፣ ከግድግዳው በኩል ሳቅ መጣ፣ እኔም ሳቁ ሞቀኝና ድምፄን ጨመርኩ። ሰባተኛው ዙር ላይ እግሩ ከዳውና በመቀመጫው ሲሚንቶው ላይ ዘፍ አለ፣ እና ምን አለኝ መሰላችሁ? "ይቅርታ"። ከዛ ተነስቶ ጨረሰ። እልኸኛ ነበር፣ አይመስልም እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳልቀመሰ የሰማሁት በኋላ ነው፣ እስከ ማታ የሚጾም ልጅ ነበር፣ እኔ እንደሆነ ምን በላህ ምን ጠጣህ ብዬ አልጠየቅኩም። ሲወጣ ደረጃውን ግድግዳ ይዞ ወደ ጎን እየተራመደ ነው የወረደው፣ የቱታውን ጃኬት ሚስማር ላይ ረስቶ።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ መጣ። ጭኑ ከማበጡ የተነሳ ሱሪ አልገባለት ብሎ፣ ሽንቱ ደሞ ኮካ መስሎ ሆስፒታል ተኝቷል አለኝ። አልተሳደበም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ጠይቅ ብሎት ነው የመጣው። "ኧረ ቁጭ ብድግ ብቻ ነው" ስለው ትክ ብሎ አየኝና አላመነኝም።

ነገሩ ስም አለው፣ ራብዶማዮላይሲስ ይሉታል። ያልለመደ ጡንቻ በአንዴ ከልክ በላይ ሲሠራ ይፈራርስና ውስጡ ያለው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ደም ውስጥ ይገባል፣ ኩላሊት እሱን ላጣራ ሲል ይጎዳል፣ ሰውየው ውሃ ከጠማው ደሞ ይብስበታል። ሽንቱን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ከባድ ብረት የግድ አያስፈልገውም፣ ቁጭ ብድግም ፑሽአፕም ያመጣዋል። በተለይ ወደ ታች ስትወርዱ ጡንቻው እየተለጠጠ ስለሚሸከም ጉዳቱ እዛ ላይ ይበዛል፣ እኔ ደሞ የምጮኸው "ውረድ፣ ውረድ" እያልኩ ነው። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያኔ የማውቀው ልጁ ግሉኮስ ተሰክቶለት መተኛቱን ብቻ ነው።

11 ቀን ተኛ። የጂሙ ባለቤት "እንዳትሄድ፣ ከሄድክ ጥፋት አመንክ ማለት ነው፣ የሕክምና ክፈሉ ይሉናል" አለኝ። እኔም አልሄድኩም። በእሱ አላላክክም፣ እግሬ የራሴ ነበር። ታክሲዬ በሆስፒታሉ በር በቀን ሁለቴ ያልፋል። አንድ ቀን ብርቱካን ገዝቼ እስከ በሩ ደረስኩ፣ ዘበኛው ማንን ነው የምትጠይቀው ሲለኝ የልጁን ስም እንኳ በትክክል እንደማላውቅ ገባኝ፣ መዝገብ ላይ ጽፌው ነበር ግን አላስታወስኩትም፣ አሥራ ስምንትን አራቴ ስቆጥርበት ስሙን አንዴ አልጠራሁትም። ተመለስኩ። ብርቱካኑን ለእህቴ ልጆች ላጥኩላቸው።

ልጁ ዳነ፣ ኩላሊቱም ተረፈ። ሰርጉ ላይ ግን ሌሎቹ ሚዜዎች ሲጨፍሩ እሱ ተቀምጦ ነው የዋለው ብለው ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አራት ኪሎ አገኘሁት፣ ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ልጅ በእጁ ይዟል፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያለኝ፣ "ደህና ነህ ኮች?" ብሎ። ያን ጊዜ እንኳ ስለ ዝናቡ አወራሁት። ዘንድሮ ክረምቱ ጠና አልኩት።

እሺ፣ አሁን የልጅቷን ጥያቄ ልመልስ፣ እናንተም ስሙ።

መጀመሪያ ቀን ስትገቡ ሁሉም ሰው የሚያያችሁ ይመስላችኋል። ማንም አያያችሁም፣ ሁሉም መስታወት ውስጥ ራሱን ነው የሚያየው። ሪሴፕሽኗ ቅናሽ አለው ብላ የዓመት ክፍያ ልትሸጥላችሁ ትሞክራለች፣ ፈገግ በሉና የአንድ ወር ክፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ደሞ ሥራ ስትወጡ በምትመጡበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት፣ በጠዋት ባዶ የሆነ ቤት ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ነው የሚመስለው። ፎጣ ያዙ፣ እቃ መልሱ የሚለውን እኔ አልነግራችሁም፣ እናታችሁ ነግራችኋለች።

አሰልጣኙ ትሬድሚል የሚባለው የመሮጫ ማሽን ላይ ያወጣችኋል። ዝቅ ካለ አገር የመጣችሁ፣ ከድሬዳዋም ይሁን ከዱባይ፣ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ልቤ ታመመ ብላችሁ አትደንግጡ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፣ ሰውነት እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። የደረት ሕመም ወይ ማዞር ካለው ግን አቁሙና ታዩ። ትሬድሚሉ ላይ ብትወድቁ ማሽኑ እንዲቆም ቁልፏን ልብሳችሁ ላይ ሰኩ፣ ጀነሬተር በሌለበት ቤት ደሞ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከእጀታው ብዙ አትራቁ። መብራት ሲሄድ አፍንጫው እጀታው ላይ የተረፈ አንድ ሻምበል አውቃለሁ፣ ያንን ሁሉ ጦርነት አልፎ።

ከዛ ብረት። ባዶው ትልቁ ባር ብቻውን 20 ኪሎ ነው፣ ምንም ሳትጨምሩበት ከከበዳችሁ አትፈሩ፣ ዳምቤል የሚባለውን በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ብረት ውሰዱ። አንድ ሰው መጥቶ "ስንት ሴት ቀረህ?" ካላችሁ ስለ ትዳር አይደለም፣ ማሽኑን ስንት ዙር ትሠራበታለህ ማለቱ ነው። በኔ ጊዜ አንድ የተከበሩ አዛውንት ሐኪም ልከዋቸው ሲመጡ አንዱ ጎረምሳ እንዲህ ቢላቸው "አንዷን ቀብሬያለሁ፣ ሌላ አላሰብኩም" ብለው ቁጭ አሉ፣ ጂሙ ግማሽ ሰዓት ሥራ ፈታ።

መጀመሪያ ቀን 40 ደቂቃ ይበቃል። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ዙር፣ በየዙሩ ገና ሦስት አራት ጊዜ መጨመር ስትችሉ አቁሙ። በማግስቱ ትንሽ ሕመም ይጀምራል፣ የሚብሰው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ነው፣ ሽንት ቤት ስትቀመጡ ግድግዳ ትይዛላችሁ፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትሠሩ ደሞ በጣም ይቀንሳል። አሲድ ተጠራቅሞ ነው የሚሏችሁን አትስሙ፣ ላክቲክ አሲድ ሠርታችሁ በጨረሳችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻና ከደም ይጠራል። በጾም ከሆነ ለጀማሪ ሰዓቱን ወደ ማታ፣ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ አድርጉት። ሽንታችሁ ጥቁር ሻይ ወይ ኮካ ከመሰለ፣ ጡንቻው አብጦ ከደነደነ፣ ኮቹን አትጠይቁ፣ እኔን ብሆን እንኳ አትጠይቁ፣ ያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ጉልበት ይጨምራል፣ መስታወቱ ግን ምንም አያሳይም፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚማረው ነርቩ ነው። ሚዛን ጭራሽ ሊጨምርባችሁ ይችላል፣ የተጎዳ ጡንቻ ውሃ ስለሚይዝ። እዚህ ላይ ነው የዛሬ ልጆች የምትጠፉት፣ ቲክቶክ ላይ የሰው ሦስት ዓመት በ30 ሴኮንድ እያያችሁ በሁለት ሳምንት ምንም አልመጣም ብላችሁ ወይ ትተዉታላችሁ ወይ የፕሮቲን ዱቄት ትገዛላችሁ። ለጀማሪ ሽሮውና ምስሩ፣ በፍስክ እንቁላሉ ይበቃዋል። ስለ ጡንቻ ማሳደጊያው መርፌ አላወራም፣ የሚወጋውን ልጅ ካየሁት ብቻ ነው የምቆጣው።

እንዲህ ቀስ በሉ እያልኩ ደሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዛሬ ልጆች በጣም ትሰንፋላችሁ። አንድ ዙር ሠርቶ 10 ደቂቃ ስልክ የሚነካካ ወጣት ሳይ አሁንም አሥራ ስምንትን ደግሜ መቁጠር ያምረኛል። ትንሽ የሚጮህ ኮች መጥፎ አይደለም፣ እኔን የሠራኝ የሚጮህ ሰው ነው። እና ደሞ ያው ሰው ነው የጎዳኝ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የማስበው፣ አስታርቃቸዋለሁ ብዬ ብዙ ሞከርኩ። ኮች ስትመርጡ የጡንቻውን ትልቅነት አትዩ፣ መጀመሪያ ስማችሁን ይጠይቅ እንደሆነ፣ ከዛ ምን በላሽ፣ የሚያምህ ነገር አለ ወይ፣ ለምን መጣህ ይል እንደሆነ ስሙ። ትከሻ ስትሉት እግር ካሠራችሁም ምክንያቱን ጠይቁት፣ ካኮረፈ ሌላ ቤት አለ።

ቱታው ያ አዳራሽ እስኪፈርስ ሚስማሩ ላይ ነበር፣ ማንም አልነካውም፣ ሊፈርስ ሲል እኔ ወሰድኩት። ባለቤቴ ቁም ሳጥን ስታጸዳ ይሄ የማን ነው ትለኛለች፣ የአንድ ልጅ ነው እላታለሁ፣ በየዓመቱ።

ሰኞ ማታ ለልጅቷ ደወልኩላት።

"እንዴት ነበር?"

"ደስ ይላል ጋሼ፣ 20 ደቂቃ ትሬድሚል፣ ከዛ ቁጭ ብድግ አሠራኝ፣ ሁለት ዙር አሥር አሥር።"

"አሥር ብቻ?"

"አዎ።"

"ውሃ ጠጣሽ?"

"ጠጥቻለሁ። ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

ምንም አልኳት፣ ረቡዕ ደግሜ እደውላለሁ።