ሜዳው ታጠረ፤ ማን አጠረው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈር ነው። በብሎኮቹ መካከል ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የምንጥልበት ሜዳ ነበረን። ከሁለት ወር በፊት በቆርቆሮ ታጠረ። መኪና ማቆሚያና ሱቅ ሊሠራበት ነው ይባላል። ቦታው በማስተር ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ። የ180 አባወራ ፊርማ አሰባስበን ለወረዳው ሰጥተናል፤ እስካሁን መልስ የለም። ማኅበሩም ጉዳዩን ያውቀዋል። መንግሥት በየቦታው ትልልቅ ፓርክ እየሠራ የእኛን ትንሽ ሜዳ ለምን ይወስዳል? መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ታጠረ» ብለዋል። ማን እንዳጠረው ግን የለም። ትንሽ ወረድ ብለው ደግሞ ስለ ቤት ባለቤቶቹ ማኅበር «ማኅበሩም ጉዳዩን ያውቀዋል» ብለው አልፈዋል። ያውቀዋል ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? እንደ እናንተ ጠዋት ተነስቶ ቆርቆሮውን አየ? ተጠይቆ ዝም አለ? ወይስ ቦታውን ያከራየው እሱ ራሱ ነው?

አይቀየሙኝ። ይህን የምጠይቀው መንግሥት ሜዳችንን ለምን ይወስዳል፣ መክሰስስ እንችላለን ወይ ስላሉ ነው። መንግሥት እንዳጠረው የሚያሳይ አንድም ነገር ግን አልጻፉም። እንደምገምተው ነገሩን ትንሽ ያውቁታል፤ ከጎረቤት ጋር መጣላቱ ከብዶዎት ነው። ይገባኛል። የማኅበሩን ሊቀመንበር በየቀኑ ደረጃ ላይ ያገኙታል። ልጆቻችሁ አንድ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ፍርድ ቤት ግን የሚጠይቀው ማን እንዳጠረው ነው። ያልነካዎትን ከከሰሱ፣ የነካዎት ሰው በዚያው ጊዜ ግንባታውን ይጨርሳል።

በጋራ መኖሪያ ሰፈር የሚታጠር ሜዳ ብዙ ጊዜ ከኋላው ቃለ ጉባኤ አለው። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። የጥበቃ ደመወዝ ጎደለ፣ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። እሑድ ጠዋት ነው፤ ከነዋሪው ግማሹ አይመጣም። የመጣውም ግማሹ ሳያልቅ ይወጣል። መጨረሻ ላይ «ክፍት ቦታውን ለገቢ ማስገኛ ብናውለውስ?» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ጎን ለጎን አንድ ወረቀት ይዞራል። ስም፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ሰው ሁሉ የሚፈርመው መገኘቱን ለማሳየት ነው። ያ ወረቀት በኋላ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝና «ነዋሪው ተስማምቶ ፈርሟል» ተብሎ ይቀርባል። እርስዎ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ነበሩ? ፈርመዋል? ደግሞስ የቤቱ ባለቤት ነዎት ወይስ ተከራይ? ይህንንም አልነገሩኝም። ተከራይ ከሆኑ የማኅበሩ አባል አይደሉም፤ ስለዚህ በባለቤትነት ስም የሚቀርበውን ክስ አከራይዎ ናቸው ማቅረብ ያለባቸው።

አሁን ወደ ሕጉ። ጠቅላላውን ባጭሩ ላስቀምጠው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። አንቀጽ 43 እና 92 ማኅበረሰቡን የሚነካ ልማት ሲታቀድ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላሉ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ የሚመራው በጸደቀ ፕላን እንዲሆን፣ ፕላኑም ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ለሕዝብ አገልግሎት የተተወ የመንግሥት ንብረት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጠበቅ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1444 ጀምሮ ይዘረዝራል። ስለዚህ መብት አላችሁ ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ አላችሁ። ችግሩ የትኛው መብት የእናንተን ሜዳ ይመለከታል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ወጥመዱ «ቦታው አረንጓዴ ነው» የሚለው አነጋገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ሰዎች ቢሮዬ መጡ። እንደ እርስዎ ሜዳ የታጠረባቸው ናቸው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ ነው። የመብራት ነጸብራቅ መሃሉን አንጥቶታል፤ ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ጥላ አለ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ አሳየኝና «ይኸው» አለኝ። የካርታው ስም አይታይም። ቀኑ አይታይም። የቀለሞቹ መፍቻ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። በዚያች ነጥብ ተማምነው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከስሰው ከዓመት በላይ ተመላልሰዋል። የተከሳሹ መልስ አንድ ገጽ ነበር፦ ቦታው በከሳሾቹ የጋራ ይዞታ ካርታ ውስጥ ነው፤ እኛን አይመለከተንም። እውነቱን ነበር። እነሱ በቀጠሮ ሲመላለሱ ሜዳው ላይ ኮንክሪት ተሞልቶ አልቋል። የፎቶው ባለቤት የዚያን ቀን ብዙም አልተናገረም። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

እህቴ፣ «አረንጓዴ» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ያለው አረንጓዴ ነው። ማስተር ፕላን የምንለው ማለት ነው። ይህ ከተማውን ሙሉ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ነው። በዚህ ላይ አረንጓዴ ሁሉ ፓርክ አይደለም። የወንዝ ዳርቻ አለ፣ ደን አለ፣ የከተማ ግብርና አለ። የኳስ ሜዳ ደግሞ ከነጭራሹ በአረንጓዴ ላይገኝ ይችላል፤ የስፖርት ማዘውተሪያ ተብሎ በሌላ ቀለም ሊቀመጥ ይችላል። ብዙ ሰው 30 በመቶ አረንጓዴ፣ 30 በመቶ መንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ግንባታ የሚለውን የአዲስ አበባ ፕላን መርህ ጠቅሶ ይከራከራል። ጥሩ መርህ ነው። ግን ስሌቱ የከተማው ነው። የእናንተ ሰፈር 30 በመቶ ባይሞላ ያ ብቻውን ክስ አይሆንም።

ሁለተኛው በአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ያለው ነው። ይህ ጠበብ ያለ ነው፤ መንገዱንና ክፍት ቦታውን በቅርብ ያሳያል። ለእንደ እናንተ ዓይነት ሜዳ ብዙ ጊዜ ወሳኙ ይህ ነው። እዚህ ላይ የሕዝብ መዝናኛ ወይም መጫወቻ ተብሎ ከተመደበና ፕላኑ በሥርዓቱ ሳይሻሻል ሱቅ ከተፈቀደበት፣ ጠንካራ ጉዳይ በእጃችሁ አለ።

ሦስተኛው የሰፈሩ ሳይት ፕላን ላይ ያለው ነው። ብሎኮቹ ሲሠሩ መሃል ላይ የተተወው ክፍት ቦታ ማለት ነው። ይህ በጋራ ይዞታው ካርታ ውስጥ ካረፈ የሕዝብ ፓርክ አይደለም፤ የእናንተ የባለቤቶቹ የጋራ መጠቀሚያ ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው። ማስተዳደር ማለት ግን እንደፈለጉ ማድረግ ማለት አይደለም። መተዳደሪያ ደንቡ ምን ይላል? ምልዓተ ጉባኤ ነበር? በስንት ድምፅ ተወሰነ? ውሳኔው ንጹሕ ሆኖ እንኳ ቢገኝ፣ ሱቅ ለመሥራት በሕንፃ ሕጉ መሠረት የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ግንባታው ከፕላኑ ጋር መስማማቱን የማየት ግዴታ አለበት።

ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል አስጨነቀኝ? ተከሳሹም፣ የክሱ ዓይነትም፣ ጊዜውም በዚህ ስለሚለያይ ነው። ቦታው የጋራ ይዞታችሁ ከሆነና ሌላ ሰው ገብቶ ካጠረው፣ መንገዱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው፤ ይዞታዬን የነካው ሰው እጁን ያንሳልኝ ማለት ነው። ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። ያጠረው በማኅበሩ ውሳኔ ከሆነ የምትከራከሩት ከውሳኔው ጋር ነው። ቦታው የሕዝብ ከሆነ ግን ሁከት ይወገድልኝ አያስኬድም፤ ለ15 ዓመት ኳስ የተጫወተ ልጅ ሜዳውን ይወደዋል እንጂ ባለ ይዞታ አይሆንም። በዚህ ጊዜ የምትሞግቱት ፕላኑን የጣሰውን አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው። በአዲስ አበባ ከማስተር ፕላን አፈጻጸም ጋር የተያያዘ የይዞታ፣ የፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ክርክር ደግሞ በከተማው ቻርተር በአዋጅ ቁጥር 361/1995 ለከተማው ፍርድ ቤቶች የተሰጠ ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ከፍተው «ሥልጣን የለንም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት የፕላን ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ወረቀቶቹን ይያቸው። የእኔ መልስ ደብዳቤ አንብቤ የሰጠሁት ነው፤ ሰነድ አላየሁም።

እንግዲህ በፎቶው ፋንታ ምን ይያዝ? ለከተማው ፕላንና ልማት ቢሮ በጽሑፍ ያመልክቱ። የቦታውን ኮኦርዲኔት (ካርታ ላይ ያለበትን ነጥብ የሚያሳየውን ቁጥር) ወይም የብሎኮቹን ቁጥር ይጥቀሱ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ቦታው በአሁኑ ፕላን ለምን አገልግሎት ተመደበ? ምደባው ተቀይሮ ያውቃል? ከተቀየረ በየትኛው ውሳኔና በምን ቀን? ለክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ደግሞ የጋራ ይዞታ ካርታው ወሰን የት እንደሚያልፍ ይጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አዋጁን በማመልከቻው ላይ በቁጥሩ ይጥቀሱት። ቁጥር የተጠቀሰበትን ማመልከቻ ባለሙያው በተለየ ዓይን ነው የሚያየው።

ያስገባችሁት የ180 አባወራ ፊርማ ደስ ይላል፤ ሰፈሩ አንድ ላይ መቆሙን ያሳያል። ግን ለማን ሰጣችሁት? መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶታል? ቅጂው ላይ ማኅተም አለ? «ለወረዳው ሰጥተናል» ያሉት ለሥራ አስፈጻሚው በእጅ ሰጥታችሁ «እናየዋለን» ተብላችሁ ከሆነ፣ በሕግ ዓይን ገና ምንም አላስገባችሁም። ነገ ጠዋት ቅጂውን ይዘው ይሂዱና ገቢ ያስደርጉት።

ፊርማው ውክልና እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያለውን ቡድን የሚወክል ሰው ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38 ደግሞ ጥቂቶች ስለ ብዙዎች ሆነው እንዲከሱ ይፈቅዳል፤ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ግን ይፈልጋል። ሦስት አራት ጽኑ ሰው ምረጡ። የቤት ባለቤት የሆኑ፣ ቀጠሮ የማይሰለቻቸው።

ግንባታ ተጀምሮ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያኔ መረጃ እስኪሟላ አትጠብቁ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ በመሐላ ተደግፎ ይቀርባል። ቁፋሮውን፣ የወረደውን አሸዋና ብረት ቀን በሚያሳይ ፎቶ ያስቀሩ። ዛፍ እየተቆረጠ ወይም አፈር እየተበከለ ከሆነም በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ዕንባ ጠባቂ ተቋምም ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል፤ ይሂዱ። ነገር ግን እዚያ ስላመለከታችሁ የፍርድ ቤቱ ጊዜ ይቆምልናል ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

ስለ ትልልቆቹ ፓርኮች ያነሱትን ዘልዬው አይደለም። ልብዎ የተነካው እዚያ ላይ መሆኑ ይታወቃል። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ አጥር አለው፣ ጠባቂ አለው፣ በስሙ የሚጠራ ወረቀት አለው። ማንም ተነስቶ ሱቅ ልሥራበት አይልም። የእናንተ ሜዳ የጠፋው ትንሽ ስለሆነ አይመስለኝም። ወረቀቱን የያዘለት ሰው ስለሌለ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ በታክሲ እንጦጦ ሄዶ ኳስ አይጫወትም፤ እናቱ ከመስኮት ልታየው የምትችልበት ቦታ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህ ነው ጉዳዩን በስሜት አበላሽታችሁት ማየት የማልፈልገው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማኅበሩ ቢሮ ይሂዱ። በጽሑፍ፣ እንደ አባል ሆነው፣ ክፍት ቦታውን የሚመለከት ቃለ ጉባኤና የኪራይ ውል ካለ ቅጂ ይጠይቁ። አንሰጥም ካሉ ጥያቄው የደረሳቸው ለመሆኑ ማስረጃ ይያዙ። ከሰጡዎት የፊርማውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ከዚያ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ስምዎ እዚያ ላይ ካለም ለጠበቃው አይደብቁት፤ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ይሁን።