መልስ፦ ከላይኛው ጎረቤት የሚወርደው የዝናብ ውሃ

እህቴ፣ አራት ኪሎ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ግቢሽ ከላይ ጎረቤት በሚመጣ ውሃ እየተጥለቀለቀ ነው፤ አጥሩን በግንብ ልድፈነው ወይ ብለሻል። እባክሽ አትድፈኚው። የታቆረ ውሃ ግንብ ይገፋል። ከወደቀ ደግሞ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

መጀመሪያ ዝናቡ ሲጥል ወጥተሽ እዪ። ውሃው ከመሬቱ ነው ወይስ ከጣሪያቸው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በተፈጥሮው ቁልቁል የሚወርደውን ውሃ የታችኛው ባለይዞታ ይቀበል ይላል። በአሸንዳ ሰብስቦ አንቺ ግቢ ውስጥ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ይሆናል። ያ ሁሉ በአንድ ቱቦ አፍ!

ስለዚህ ቡና ጥሪያቸውና በዓይናቸው ይዩት። ብዙ ሰው ውሃው ከአጥሩ ወዲያ የት እንደሚደርስ አያውቅም። ቱቦውን ወደ መንገዱ ቦይ ማዞር፣ ከተቻለም ሮቶ ውስጥ ማስገባት ይችላሉ። ወደ መጸዳጃ ቤቱ መስመር ግን እንዳታስገቡት፤ ሞልቶ ወደ ቤት ይመለሳል። አንቺም አጥሩ ሥር ተዳፋት ያለው ቦይ አሠሪ።

እምቢ ካሉ በሽማግሌ ሞክሪ። ካልሆነ ፎቶና ቪዲዮ ይዘሽ ወረዳ ሂጂ። ብቻ ሐምሌ ሳይገባ ይሁን።