የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኢንቨስትመንት ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ሲወጣ የሚወጣው ምኑ ነው?

ሰሞኑን ከወሎ ከተሞች ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአክሲዮንን የዋጋ ግስጋሴ ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር ስለሚለካው አመልካች፣ ስለ አርኤስአይ (RSI) ነበሩ። የተቀራረቡትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

አርኤስአይ የሚለካው ምንድን ነው? በእጅስ ማስላት ይቻላል? (ከኮምቦልቻ)

ይቻላል፤ አንድ ጊዜ በእጅዎ ቢያሰሉት ደግሞ ምንነቱ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል። ጭነት ይዞ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ መኪና ያስቡ። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ያቃስታል፤ መኪናው ግን አሁንም ወደ ደሴ ሽቅብ እየወጣ ነው። አርኤስአይ የሚያሰማዎት የሞተሩን ድምፅ ነው፤ መኪናው የት ከፍታ ላይ እንደደረሰ አይነግርዎትም።

የአርኤስአይ ፈጣሪ ዌልስ ዋይልደር በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት መሠረት የ15 ተከታታይ የግብይት ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ይያዙ፤ ከዚያ 14 የዋጋ ለውጥ ያገኛሉ። ጭማሪውን ለብቻ፣ ቅናሹን ለብቻ ይደምሩ። ጭማሪው 21 ብር፣ ቅናሹ 7 ብር ቢሆን ለ14 ሲካፈሉ አማካያቸው 1.5 እና 0.5 ይሆናል። የጭማሪውን አማካይ ለሁለቱ ድምር ያካፍሉና በ100 ያባዙ፤ 75 ይመጣል። በ16ኛው ቀን ዋጋው 2 ብር ቢወርድ እንደ አዲስ መደመር አያስፈልግም። የትናንቱን አማካይ በ13 ያባዙ፣ የዛሬውን ለውጥ (ለጭማሪው 0፣ ለቅናሹ 2) ይጨምሩ፣ ለ14 ያካፍሉ። ጭማሪው 1.39፣ ቅናሹ 0.61፣ አርኤስአዩም 69.6 ይሆናል።

ከ70 ካለፈ ልሽጥ? (ከወልዲያ)

በዚህ ብቻ አይሽጡ። በተለምዶ የመሸጫ ምልክት ተደርጎ የሚታየው 70 ማለት በቅርብ ቀናት ጭማሪው ቅናሹን በእጅጉ በልጧል ማለት ብቻ ነው። ጠንካራ አክሲዮን ለሳምንታት ከ70 በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተቻኩሎ የሚሸጠው እዚህ ላይ ነው። ይልቅ ዋጋው አዲስ ጣሪያ ሲነካ አርኤስአዩ ከቀድሞው ጣሪያው በታች ከቀረ ልብ ይበሉ፤ የሞተሩ ማቃሰት ያ ነው። አክሲዮኑን ለዓመታት ሊይዙት ከሆነ ደግሞ በ14 ቀን ፈንታ 14 ሳምንት ይጠቀሙ።

የኢንቨስትመንት ኩባንያ ከሌላው በምን ይለያል? አመልካቹ ያው አይደለም? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ከመጡልን ሁሉ የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው። አመልካቹ ያው ነው፤ የሚለካው ዋጋ ግን በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል።

የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሥራው የሌሎችን ድርጅቶች አክሲዮንና ንብረት መያዝ ነው። ካለው ሀብት ላይ ዕዳው ተቀንሶ ለአክሲዮኖቹ ብዛት ሲካፈል የአንድ አክሲዮን የተጣራ ሀብት ይገኛል። የገበያው ዋጋ ከዚህ ጋር እኩል መሆን የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ አንዳንዴም ይበልጣል።

የተጣራው ሀብት 100 ብር፣ የገበያው ዋጋ 80 ብር ነው እንበል፤ ዋጋው ከተጣራው ሀብት የሚያንስበት ቅናሽ 20 በመቶ ነው። ዋጋው 88 ገባ። አንደኛው መንገድ፦ ሀብቱ 110 ደርሶ ቅናሹ 20 በመቶ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው፦ ሀብቱ ከ100 ንቅንቅ ሳይል ቅናሹ ወደ 12 በመቶ ጠቧል። የየቀኑ ዋጋ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ አርኤስአዩ በሁለቱም አንድ ነው። በመጀመሪያው ኩባንያው ራሱ አድጓል፤ በሁለተኛው ያደገው የገዢው ስሜት ነው፣ ስሜት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ቅናሹ ተመልሶ ይሰፋል።

ስለዚህ በኤክሴል ሦስት ዓምድ ያዘጋጁ፦ የመዝጊያ ዋጋ፣ የተጣራ ሀብት፣ ቅናሽ በመቶኛ። በለንደን ገበያ ያሉት ብዙዎቹ የተጣራ ሀብታቸውን በየቀኑ ያወጣሉ፤ እንደ ስዊድኑ ኩባንያ ኢንቬስተር ያሉት ግን ሙሉ ሪፖርት የሚያወጡት በየሩብ ዓመቱ ነው። የሦስት ወር አሮጌ ሀብት ከዛሬ ዋጋ ጋር ካነጻጸሩ የሚያገኙት ቅናሽ የውሸት ነው። አርኤስአዩ ከፍ ብሎ ቅናሹም ከወትሮው ከጠበበ ለመግዛት አይቸኩሉ።

የገዛሁት አክሲዮን አርኤስአይ 100 ይላል። እንዴት ሊሆን ቻለ? (ከባቲ)

ግብይቱ ስስ ስለሆነ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ሁለት ግመል ብቻ ተሽጦ “የግመል ዋጋ ንሯል” አይባልም። በ14 ቀን ውስጥ ሁለት ቀን ብቻ ተሸጦ ሁለቴም ዋጋው ከጨመረ፣ የቀሩት ቀናት ለውጥ ዜሮ ስለሆነ ቅናሽ የሚባል የለም፤ ስሌቱም 100 ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ በእንዲህ ያለ ወጣት ገበያ መጀመሪያ የሚታየው የግብይቱ ብዛት ነው። ከ14 ቀን ቢያንስ በ10ሩ ካልተገበያየ እኛ አርኤስአዩን አንመለከተውም።

የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን በ300 ብር ገዝቻለሁ፤ አርኤስአዩ ስንት ነው? (ከሐይቅ)

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተጀመረው ሽያጭ ዋጋው የተቆረጠ ነበር። የማይለዋወጥ ዋጋ አርኤስአይ የለውም።

አርኤስአዩ በአንድ ቀን ከ60 ወደ 37 ወረደ፤ መጥፎ ወሬ ግን አልሰማሁም። ሌላ መተግበሪያ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይለያል። (ከደሴ)

የትርፍ ድርሻ ተከፍሎ እንደሆነ ይመልከቱ። የ100 ብር አክሲዮን 8 ብር የሚከፍል ከሆነ፣ ድርሻውን የማግኘት መብት የሚሰጠው የመጨረሻ ቀን ባለፈ ማግስት ዋጋው ወደ 92 ዝቅ ይላል። አማካይ ጭማሪው 0.6፣ ቅናሹ 0.4 ከነበረ አርኤስአዩ ልክ እንዳሉት ከ60 ወደ 37 ይወርዳል፤ ብሩ ግን ኪስዎ ገብቷል። የአክሲዮን ክፍፍልም እንዲሁ ያሳስታል፦ በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኩባንያ የበርክሻየር ሃተዌይ ሁለተኛው ዓይነት (ክላስ ቢ) አክሲዮን አንዱ ለ50 ሲከፈል፣ ያልተስተካከለ ዋጋ የያዘ ቻርት ገደል የገባ ይመስል ነበር። የትርፍ ድርሻና ክፍፍል የታሰበለትን የተስተካከለ ዋጋ ይምረጡ። የሁለቱ መተግበሪያዎች ልዩነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ነው፤ አንዱ የዓመት መረጃ፣ ሌላው የአንድ ወር ብቻ ይዞ ያሰላል። ሁለቱንም ቢያንስ ከ100 ቀን መረጃ ያስጀምሯቸው፤ ሁለቱም ከላይ ባሳየነው የዋይልደር አማካይ የሚያሰሉ ከሆነ ይቀራረባሉ።