መልስ፦ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለን የት እንረፍ?

ማረፊያ አለ። እናትሽ ከባሕር ዳር ለጨረር ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ከተጻፈላቸው፣ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች አዲስ አበባ ማረፊያ አለው። አልጋው ስለሚሞላ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ደውለሽ ክፍት ቦታ መኖሩን ጠይቂ። የምታስታምሚያቸው አንቺ ከሆንሽ፣ ላንቺም ቦታ እንዳለ አብረሽ አረጋግጪ።

ከመነሳታችሁ በፊት፦

1. ናሙና የተወሰደበትን ሆስፒታል የባዮፕሲውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ስላይዱንና (ናሙናው ያለበትን ትንሽ መስታወት) ብሎኩንም (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ጠይቂ። ሐኪሞቹ እንደገና ማየት ሊፈልጉ ይችላሉ።

2. የጤና መድኅን መታወቂያ ካላቸው መታደሱን እዪ።

አንድ ነገር አደራ። የእኔ እናት ውጤቷን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የያዘችው። አዲስ አበባ ስንደርስ ወረቀቱ በላብ ርሶ፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ፣ ማኅተሙ አልነበብ አለ። ሌላ ለማጻፍ ባሕር ዳር ተመለስን፤ ያ ሁሉ መንገድ ሕመም ላይ ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አይቼዋለሁ። ዋናውን በፕላስቲክ ክላሰር አድርጊው፣ እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ለወንድምሽም ላኪለት። እግዚአብሔር ይማርልሽ።