ጃንዋሪስ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ለማስመሰያ ችሎት ውድድር የሮበርት አስክ ጠበቃ ሆኜ ተመድቤያለሁ። አስክ እ.ኤ.አ. በ1536 በሰሜን እንግሊዝ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ላይ የተነሣውን አመፅ መርቷል። ንጉሡ ግን በዲሴምበር ምሕረት አደረገለት፤ ለገናም ቤተ መንግሥት ጠራው። በ1537 መሰቀሉ ሕገ ወጥ ነው ብዬ ብከራከር ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። በንጉሥ ላይ ጦር ማንሣት ከ1351 ጀምሮ በሞት ያስቀጣ ነበር። በ1534 ደግሞ ንግግር ብቻውን እንዲያስከስስ ተደነገገ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ታሪኩን ገና ላይ አቆሙት። ጃንዋሪስ የት ሄደ? ደንበኞቻችንም እንዲህ ናቸው፤ የሚጎዳቸውን ወር ዘለው ይመጣሉ። እባክዎ ይህን አይልመዱ። ከሳሹ የሚጀምረው እርስዎ ካቆሙበት ነው።

ምሕረት የሚሽረው ያለፈውን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ "ምሬሃለሁ" ሲባል ለነገም የተማረ ይመስለዋል። በጃንዋሪ 1537 ሰር ፍራንሲስ ቢጎድ የተባለ ባላባት የንጉሡን ቃል አላምንም ብሎ እንደገና ተነሣ። አስክ አልተከተለውም፤ እንዲያውም ሕዝቡ አርፎ እንዲቀመጥ ጻፈ። ግን በደብዳቤው የቢጎድ አመፅ "አቤቱታችንን" ያበላሽብናል የሚል ሐሳብ ነበረበት። አቤቱታው የንጉሡ ዋና ሚኒስትር ክሮምዌል ከሥልጣን ይነሣ፣ የተዘጉት ገዳማት ይከፈቱ የሚል ነው። ከሳሾቹ ይህችን ይዘው "ልቡ ዛሬም ከአመፀኞቹ ጋር ነው" አሉ። ለማረጋጋት የተጻፈው ደብዳቤ ማስረጃ ሆነበት።

በሰሜን ፓርላማ ይጠራል የተባለውም የንጉሡ ተደራዳሪ የኖርፎክ መስፍን ዶንካስተር ከተማ ላይ ለአመፀኞቹ የሰጠው ተስፋ እንጂ ንጉሡ የፈረመው ውል አልነበረም። የሚያሳዝነው አስክ ራሱ የግሬይስ ኢን (የለንደን ጠበቆች ማኅበር) ሰው፣ የሕግ ባለሙያ መሆኑ ነው። ይህ ሰው ንጉሡ ሲጠይቀው የአመፁን ታሪክ በገዛ እጁ ጽፎ አስረከበ። ይቅር ተብያለሁ ብሎ ያለ አማካሪ ቃል መስጠት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ስለዚህ ምሕረቱ ስቅላቱን ሕገ ወጥ ያደርገዋል በሚለው ብቻ አይግቡ፤ አስክ ምን አስቦ ነበር በሚለው ላይ ይከራከሩ። ሰውየው ከምሕረቱ በኋላ የጻፈው ሕዝብን ለማብረድ ነው። መጀመሪያ ግን ሰነድ ይሰብስቡ፦ የምሕረቱን ሙሉ ቃል ከነቀኑ፣ የክሱን ጽሑፍ፣ የጃንዋሪ ደብዳቤዎቹን። ከክሱ ውስጥ ከምሕረቱ በፊት የተደረገውን ለይተው ያውጡ፤ ምሕረቱ የሚጠቅምዎ እዚያ ላይ ነው። መከራከሪያዎን ከማስገባትዎ በፊትም የእንግሊዝን የሕግ ታሪክ የሚያውቅ መምህር ያሳዩ።