የአንባቢያን ጥያቄ፦ መብራቱ ለምን ፈዘዘ? ብሬከሩስ ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ በረንዳችን ላይ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ነበረን። ልጃችን ሌላ ባለ 60 ጨመረበትና አሁን ሁለቱም ደብዝዘው ነው የሚበሩት። አንዱን ስንፈታው ሌላውም ይጠፋል። አምፖሎቹ ግን አዲስ ናቸው። (ከአዳማ)

መልስ፦ አምፖሎቹ ደህና ናቸው። አንዱ ሲፈታ ሌላው መጥፋቱ በሲሪየስ፣ ማለትም በተከታታይ መያያዛቸውን ያሳያል። ልጅዎ ወደ መጀመሪያው አምፖል ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቆርጦ አዲሱን በመሐል አስገብቶታል። ስለዚህ 220 ቮልቱ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 110 ብቻ ደረሰው። ቮልቴጅ በግማሽ ሲቀንስ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 60 ዋቱ በስሌት 15 ሆነ (የአምፖሉ ክር ስለሚቀዘቅዝ በተግባር ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል)። አንዱ ባለ 40፣ ሌላው ባለ 100 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይበልጥ የሚደምቀው ባለ 40ው ነበር፤ ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የመቋቋም ኃይሉ) ትልቅ ስለሆነ አብዛኛው ቮልቴጅ እሱ ላይ ያርፋል።

ለማስተካከል መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፖርታላምፓው ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ። የተቆረጠውን ሽቦ መልሰው ያገናኙ። ከዚያ ከመጀመሪያው ፖርታላምፓ ወደ ሁለተኛው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት ሽቦ ይዘርጉ፤ ከማብሪያው የሚመጣው ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ከፌዝ፣ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ከኒውትራል ይያያዝ። የመብራቱ አካል ብረት ከሆነ የኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው) ሽቦም ይጨመር። መገናኛው በብሎን የሚጠብቅ ይሁን፤ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ውሎ አድሮ ይላላል፣ ከዚያም ይግላል። አሁን ሁለቱም ሙሉ 220 ቮልት ያገኛሉ፤ ፓራለል የሚባለው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የቤታችን ሶኬቶች በሙሉ በፓራለል የተሠሩ ናቸው ተብለናል። ታዲያ ምጣድና የውኃ ማፍያ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ የሚወርደው ለምንድን ነው? ባለ 32 አምፒር ብንቀይረውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እባክዎ አይቀይሩት። በፓራለል ቮልቴጁ ለሁሉም እኩል ነው፤ ከረንቱ (በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት) ግን ይደመራል። ባለ 3500 ዋት ምጣድ ወደ 16 አምፒር፣ ባለ 2000 ዋት ማፍያ ወደ 9 አምፒር ይስባል። ድምሩ 25 ነው፤ ይህ ሁሉ የሚያልፈው ደግሞ በአንድ የግድግዳ ሽቦ ነው። ባለ 16 አምፒር ብሬከር ከጥቂት ጊዜ በኋላ መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። ባለ 32 ካስገቡ ባለ 2.5 ካሬው ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሲግል ማንም አያስቆመውም፤ የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

መፍትሔው ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን መስመር ማውጣት ነው፦ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ (ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ)፣ ባለ 25 አምፒር ብሬከርና ያንን የሚችል ሶኬት። ዲቫይደርም ቢሆን ሶኬቱን ያበዛል እንጂ አቅም አይጨምርም። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካ።

ጥያቄ፦ የምጣዴ ሬዚስታንስ (የሚግለው ጥምዝ ሽቦ) ሲበጠስ ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ቀጠለልኝ። አሁን በጣም ይግላል፣ ቶሎም ይበጠሳል። (ከደሴ)

መልስ፦ ጥምዝ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ተከታታይ መንገድ ነው። ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል። ባለ 3500 ዋት ምጣድ 13.8 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 12.4 ይሆንና ወደ 3900 ዋት ይስባል። እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ሽቦ ከቀድሞው 23 በመቶ ያህል የበለጠ ሙቀት ይሸከማል ማለት ነው። ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል፤ ሽቦው ግን አይችለውም። ሙሉውን፣ ዋቱ ከምጣዱ ጋር በሚገጥም አዲስ ሬዚስታንስ ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ ኤልኢዲ አምፖላችን ማብሪያው ጠፍቶም በጭላንጭል ይበራል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማብሪያ ከአምፖሉ ጋር በሲሪየስ፣ ያውም በፌዙ ላይ መሆን አለበት። በስህተት ኒውትራሉን እንዲቆርጥ ተደርጎ ከሆነ አምፖሉ ጠፍቶም ፌዙ ፖርታላምፓው ድረስ ይደርሳል፤ ጭላንጭሉ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፣ አምፖል የሚቀይር ሰውንም ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ማብሪያውን አጥፍተው በቴስተር ፖርታላምፓውን ይፈትሹ፤ ቴስተሩ በደንብ ከበራ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ማብሪያው በኒውትራሉ ፈንታ ፌዙን እንዲቆርጥ ያስደርጉ። ካልበራ ግን ጠቋሚ መብራት ያለው ማብሪያ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በዚያች መብራት የሚያልፈው ጥቂት ከረንት ኤልኢዲውን ሊያበራው ይችላል።