ጎበዝ ሀከር ይታሰር ወይስ ይቀጠር? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደ ቀጠሯችን ስለ ኮምፒውተር ወንጀልና ቅጣቱ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ለአዲሶቹ፦ በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና ቆይቼ አሁን ድርጅቶችን በመረጃ ደህንነት አማክራለሁ። ፍርድ ቤት የደረሰ የግል ጉዳያችሁን እዚህ አታምጡ። ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማስጠንቀቂያዬን ታውቁታላችሁ፦ በጽሑፍ ያልተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፤ የሰው ሲስተም አትነካኩ።

ናቲ፦ መምህር፣ የጎበዝ ሀከር ጭንቅላት እስር ቤት ከሚበሰብስ መንግሥት ቢቀጥረው አይሻልም?

መላሽ፦ አሜሪካውያን ሞክረውታል። አልበርት ጎንዛሌዝ በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ፊት ቆሞ በሐሰተኛ ካርዶች፣ ካርድ በካርድ እየተካ ገንዘብ ሲያወጣ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ዐይኑን ጣለበትና ተያዘ። የገንዘብ ማጭበርበርንም የሚመረምረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲክሬት ሰርቪስ ችሎታውን አይቶ መረጃ አቀባይ አደረገው፤ የኋላ ኋላ በዓመት 75,000 ዶላር ይከፍለው ነበር። ሰውየው በአንድ እጁ የቀድሞ ጓደኞቹን እያስያዘ በሌላው የመደብሮችንና የክፍያ ድርጅቶችን የካርድ ቋት ይገለብጥ ነበር። በአንዱ ክስ ብቻ ከ130 ሚሊዮን በላይ የካርድ ቁጥር ተቆጥሮበታል። በ2010 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የቅርብ ተቆጣጣሪ ሳይመድቡ መቅጠር ደመወዝ እየከፈሉ ሌባ ማሰማራት ነው።

ሰላም፦ እንግዲያው ጠበቅ ያለ እስራት ይሻላል እያሉን ነው?

መላሽ፦ አላልኩም። የድርጅቶችን ኮምፒውተር ሰርጎ በመግባት የታወቀው አሜሪካዊ ኬቨን ሚትኒክ በ1995 ተይዞ በ1999 ጥፋቱን እስኪያምን ድረስ ጉዳዩ ሳይቋጭ አራት ዓመት ታሰረ። በአንድ ወቅት ዳኛ ፊት የቀረበበትን መከራከሪያ ራሱ ሲተርክ፣ ስልክ ከያዘ በፉጨት የኑክሌር ጦርነት ያስነሳል ተብሎ ነበር ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ፍርሃት እንጂ ማስረጃ አልለውም። ሮበርት ሞሪስን ደግሞ ተመልከቱ። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1988 የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አንበረከከ። 3 ዓመት በክትትል ሥር እንዲቆይ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥና 10,050 ዶላር እንዲቀጣ ተወሰነ። ኋላ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ገንዘብ አልዘረፈም፣ ማንንም አላስፈራራም፤ ቅጣቱም ልኩን ያወቀ ነበር።

ዳዊት፦ እዚህ ቤታችን በ2024 የንግድ ባንክን ገንዘብ ያወጡት ተማሪዎችስ? ያኔ የሀከር ትውልድ ሲባሉ አልነበረም?

ሳሚ፦ ምን ሀክ አደረጉ? ማሽኑ ሰጣቸው፣ ተቀበሉ።

ዳዊት፦ የራሱ ያልሆነውን እያወቀ የወሰደ ሌባ ነው። በር ክፍት ነበር ማለት መከላከያ አይሆንም።

ሳሚ፦ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በአደባባይ መለጠፍስ ቅጣት አይደለም? በየትኛው ፍርድ?

መላሽ፦ ከርዕሱ ወጣችሁ። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አልደረሰብኝም ብሏል፤ የሲስተም ችግር ነበር። የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን አብዛኛው ተመልሷል። ያለ ፍርድ ስም በማውጣቱ ላይ ከሳሚ ጋር ነኝ፤ በቀረው ከዳዊት ጋር። ቀጥሎ።

ቤቲ፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነስ? ልጅ ነው ተብሎ ይታለፍ?

መላሽ፦ ይህን ነበር የምጠብቀው። ፊንላንዳዊው ኪቪማኪ በልጅነቱ በፈጸማቸው ከ50,000 በላይ ሰርጎ የመግባት ወንጀሎች በ2015 ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ሁለት ዓመት በገደብ ነበር። ዓመታት አልፈው፣ በ2020 ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ታካሚዎች በኢሜይል ዛቻ ይደርሳቸው ጀመር፦ 200 ዩሮ ካልከፈላችሁ ለሐኪማችሁ የነገራችሁት ሁሉ ይወጣል። የአንዳንዶቹም ወጣ። የተዘረፈው የ30,000 ያህል ሰዎች መዝገብ ነበር። ኪቪማኪ ክሱን ክዶ ቢከራከርም በ2024 የሥር ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ 6 ዓመት ከ3 ወር ፈረደበት።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «ያኔውኑ ቢታሰር ኖሮ» ይለኛል። ገደቡ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ከገደቡ በኋላ ያለው ባዶነት ነው። ኔዘርላንዳውያን ሀክ ራይት የሚሉት ፕሮግራም አላቸው። መጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ወጣት ድርጊቱ የጎዳውን ሰው እንዲያስብና ጉዳቱን እንዲክስ ይደረጋል፣ ሕጉ የት እንደሚቆም ይማራል፣ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ ችሎታውን በፈቃድ ይጠቀምበታል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ገና ጫፍ ላይ ያለውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ወላጆቹ ባሉበት ያስጠነቅቃል። ከእስር ቤት ወጪ አንጻር ርካሽ ነው፤ ግን ልጁን በስሙ የሚያውቅ፣ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

ናቲ፦ ግን ኮምፒውተር እንዳይነካ ቢከለከል አይበቃም?

መላሽ፦ አይበቃም። ላፕሳስ ከሚባለው የሀከሮች ቡድን የነበረው አሪዮን ኩርታጅ ፖሊስ ላፕቶፑን ወስዶበት፣ በዋስ ሆቴል ተቀምጦ ሳለ፣ የሆቴሉን ቴሌቪዥን፣ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካ የአማዞን እቃና ስልክ አገጣጥሞ ገና ያልወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ቪዲዮዎችን ሰርቆ ለቀቀ። በ2023 ፍርድ ቤት ላልተወሰነ ጊዜ ጥበቃ ባለበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እንዲቆይ አዘዘ። ዛሬ ኮምፒውተር የሌለበት ቤት የት አለ?

ሄኖክ፦ ሀከር ለመሆን ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ርዕሱን በማንበብ።

ሰላም፦ አጥፍቶ በኋላ መልካም የሠራስ? ይማራል?

መላሽ፦ ብሪታንያዊው የመረጃ ደህንነት ባለሙያ ማርከስ ሀቺንስ። በግንቦት 2017 የብሪታንያን ሆስፒታሎች ያሽመደመደውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም ያስቆመው፣ ፕሮግራሙ ፈልጎ ካገኘው ራሱን የሚያቆምበትን አንድ የድረ ገጽ አድራሻ በጥቂት ዶላር ገዝቶ በማስመዝገብ ነው። በነሐሴ አሜሪካ ሄዶ ሲመለስ ተያዘ፤ በአፍላ ዕድሜው የባንክ ምስጢር ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ጥፋቱን አመነ። በ2019 የሚልዋኪው ዳኛ የታሰረው ይበቃዋል ብለው በአንድ ዓመት ክትትል ለቀቁት። እኔም ዳኛ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ምክንያቱም የተመለሰው ከመያዙ በፊት ነው። ከተያዘ በኋላ የሚመጣ መልካምነትን ጠበቃ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ።

ፍጹም፦ መንግሥት ለምን አይቀጥራቸውም?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል። ሳያነቡ መጠየቅ ይብቃ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክረምት ባለ ተሰጥኦ ታዳጊዎችን ይቀበላል፤ የሚገባበት በር እሱ ነው፣ ወንጀል ሠርቶ መታየት አይደለም።

ፍጹም፦ ክፍተቱን ለድርጅቱ ለመናገር ብዬ ብገባስ? በቅን ልቦና?

መላሽ፦ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3። ያለ ፈቃድ መግባት በራሱ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል፤ የገባህበት የድርጅት ከሆነ ይከብዳል። በጽሑፍ ያልተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ስንት ጊዜ ልበል?

የዮናስ እናት፦ ይቅርታ፣ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። የ14 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤቱን የውጤት መዝገብ ከፍቶ የጓደኛውን ውጤት ቀይሯል። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ እናቴ፣ ይቅርታ አያስፈልግም፤ ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ስሙን ከዚህ ያንሱት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ምንም አትሰርዙ፤ ውጤቱንም ራሱ ተመልሶ ገብቶ እንዳያስተካክል፣ ያ ሁለተኛ ጥፋት ይሆናል። ከጠበቃ ጋር ተማከሩና ሌላ ሰው ሳይደርስበት ልጁን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሂዱ። በየትኛው ኮምፒውተር፣ በማን የይለፍ ቃል፣ መቼ እንደገባ አስቀድሞ በገዛ እጁ ይጻፈው። የወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ የአዋቂ ቅጣት አያስፈጽምም፤ ስለዚህ በእስር አያስፈራሩት። ውጤቱ የተቀየረለት ልጅ ወላጆችም ከእርስዎ ይስሙ። የቀረውን በግል ይጻፉልኝ።

ዳዊትና ሳሚ፣ የባንኩን ክርክር ሌላ ቦታ ጨርሱ። ለዛሬ ዘግቻለሁ።